«አልበላልኝ አለ»፦ ከማሞቂያ ክፍል ከወጡ በኋላ የሚመጣው ችግር

ሐዋሳ ውስጥ በአንዱ የሕፃናት ክሊኒክ ተራ ከሚጠብቁ እናቶች መካከል ጥቂት ብትቀመጡ «አልበላልኝ አለ» የሚለውን አቤቱታ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። የአንዷ ልጅ ከቀጭን አጥሚት ሌላ ምንም አይቀበልም። የሌላዋ ማንኪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። የሦስተኛዋ ደግሞ ትንሽ ፍርፋሪ አፏ ውስጥ ከገባ የበላችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ሕፃናቱ ዓመት ከመንፈቅ፣ ሁለት ዓመት የሆናቸው ናቸው። የሚጠብቃቸውም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ይመዘናሉ፣ ክንዳቸው ይለካል፣ የቫይታሚን ሽሮፕ ይታዘዝላቸዋል፣ ከዚያ «ሲርበው ይበላል» ተብሎ እናትየው ትሸኛለች።

ለብዙዎቹ ልጆች ይህ ምክር ስሕተት የለበትም። ጥቂት የማይባሉት ግን ርቧቸውም አይበሉም፤ ወይም መብላት እየፈለጉ አይችሉም። ከእነዚህ መካከል ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱት ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ሕይወታቸውን በብዙ ድካም እያተረፍን ነው፤ ከዳኑ በኋላ እንዴት እንደሚበሉ ግን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ክፍተቱን የሚሞላው ቤት ውስጥ የተለመደው መፍትሔ፣ ማለትም በግድ ማብላት ነው። ይህ መፍትሔ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት 37 የእርግዝና ሳምንታትን ሳይሞሉ ተወልደዋል፤ በግምት ከ10 ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። በእኛ አገር ኪሎ ተኩል ሆኖ የተወለደ ልጅ ተስፋው የመነመነበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ነዋሪው ባጭሩ «ሪፈራል» የሚለው፣ የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ክፍል አለው፤ ከሲዳማ ወረዳዎችም፣ ከሻሸመኔ አቅጣጫም የሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን እዚያ ያስታምማሉ። ገላ ለገላ አቅፎ የማቆየቱ የካንጋሮ እንክብካቤም ብዙ ነፍስ አትርፏል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ ማሞቂያ መሣሪያ ባነሰበት ሆስፒታል፣ በዶክተር ኤድጋር ሬይ የተጀመረ ነው። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተካሂዶ በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ክብደታቸው ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ገደማ የሆኑ ሕፃናት ወዲያው እንደተወለዱ ገላ ለገላ ሲታቀፉ፣ ሁኔታቸው እስኪረጋጋ ከሚጠበቅላቸው ይልቅ በመጀመሪያው ወር የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ሕፃኑ ክብደት መጨመር ሲጀምርና በራሱ መጥባት ሲችል ከሆስፒታል ይሰናበታል። ቤት እልል ይባላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እናትየውም እፎይ ትላለች። ከዚያ በኋላ በቀጠሮ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ክብደትና ክትባት ነው። የመብላት ችግሩ የሚገለጠው ግን ከስድስተኛው ወር በኋላ፣ ምግብ ሲጀመር፣ በተለይም ከዘጠኝ ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። መደበኛውን የክትባት መርሐ ግብር ተመልከቱት፦ ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ዋናው ቀጠሮ በ9ኛው ወር ነው፤ ከዚያ በ15ኛው ወር። ልጁ ማኘክ የሚማርበት ጊዜ በእነዚህ ቀጠሮዎች መካከል ያልፋል።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ለምን ይቸገራል? መነሻው ማህፀን ነው። ጽንስ ከመወለዱ ከብዙ ሳምንታት በፊት የእንሽርት ውሃ ይውጣል፣ ጣቱን ይጠባል። ሆኖም መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ሳያዛንፍ አቀናብሮ መሥራት የሚጀምረው ከ32ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ቅንጅቱ የሚጠናው ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። በ29 ሳምንት የተወለደ ሕፃን ይህን ሳይለማመድ ነው ዓለምን የሚቀላቀለው። ስለዚህ በአፍንጫው ወይም በአፉ እስከ ጨጓራው የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ይገባለትና የታለበ የእናት ወተት በዚያ ይንቆረቆርለታል። ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ጉሮሮው ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ በመሣሪያ ይሳባል፣ ፕላስተር ጉንጩ ላይ ይለጠፋል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይለጠፋል። ይህ ሁሉ ሕይወቱን የሚያተርፍ ሥራ ነው፤ የሚሠሩትም ነርሶች ምስጋና ይገባቸዋል። ሕፃኑ ግን ሌላ ነገር ይማራል። በጊዜው የተወለደው ልጅ አፉን የሚያውቀው በጡት፣ በሙቀት፣ በጥጋብ ነው። በቱቦ እየተመገበ የሰነበተው ልጅ ወደ ፊቱ የሚመጣ እጅ የሚያሳምም ነገር ይዞ እንደሚመጣ ተምሮ ይወጣል። ዓመት ሲሞላው ማንኪያ ሲያይ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቢጥል ሊደንቀን አይገባም።

ሌላም አለ። ሳንባው ለረጅም ጊዜ የታመመ ልጅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ለመዋጥ ትንፋሹን የሚይዝበት ፋታ የለውም፤ ጥቂት ጠብቶ ይደክመዋል። ጨጓራው የያዘውን ወደ ላይ የሚመልስ፣ ዘወትር የሚያቀረሽ ልጅ ጉሮሮው ስለሚቃጠል ምግብን ከሕመም ጋር ያያይዛል። ይሄኛው በሙሉ ጊዜ በተወለዱትም ላይ ይታያል፤ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ግን ይበረታል። ብረትንም ማንሣት ያስፈልጋል። ጽንስ ከእናቱ ብረት የሚያከማቸው በዋናነት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ይህን ስንቅ ሳይዝ ስለሚመጣ፣ በጊዜው የተወለደው እስከ ስድስት ወር የሚዘልቅበት ክምችት እርሱ ላይ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ሕፃናት የብረት ጠብታ እንዲሰጥ የሚመክረውም ለዚህ ነው። የደም ማነስ ያለበት ልጅ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፤ ስላልበላ ደሙ ይበልጥ ያንሳል። ሽሮፑ ተሰጥቶ ጠብታው ሲዘነጋ የሚሆነው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የዕድሜ ስሌቱን ማስተካከል ግድ ነው። አንዲት ሕፃን በ30 ሳምንት ብትወለድ፣ በ40 ሳምንት መወለድ የነበረባት ስለሆነ 10 ሳምንት ቀድማለች። የመጀመሪያ ልደቷ ሲከበር ሻማው አንድ ይላል፤ አካሏና አንጎሏ ግን የዘጠኝ ወር ተኩል ገደማ ልጅ ናቸው። በዚያ ቀን እንግዶቹ «ዳቦ እንኳ አትበላም?» ብለው እናትየዋን ሲያሸማቅቋት፣ የጎረቤቱን የዓመት ልጅ መለኪያ አድርገው ነው። ሐኪሞች እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በዚህ የተስተካከለ ዕድሜ እንዲሰላ ይመክራሉ። ምግብ ለመጀመርም ከቀን መቁጠሪያው ጋር ልጅቷን ማየት ይሻላል፦ አንገቷን አጽንታ ትይዛለች ወይ? ተደግፋ ትቀመጣለች ወይ? አፏ የገባውን በምላሷ ወደ ውጭ መግፋት ትታለች ወይ? ሌሎች ሲበሉ ዓይኗ ይከተላል ወይ? የሚጀመርበትን ጊዜ ከሐኪሟ ጋር መወሰን ያስፈልጋል፤ ከመጠን በላይ መቸኮልም ሆነ ማዘግየት ዋጋ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ቢኤምሲ ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንታኔ፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱና ከ4 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች 42 በመቶ የሚሆኑት የአመጋገብ ችግር እንዳለባቸው አስልቷል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ነገር ግን በሙሉ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ዕድገታቸው ጤናማ የሆነ ልጆች ወላጆችም ቢጠየቁ ቢያንስ ከአራቱ አንዱ ልጁን ማብላት እንደሚያስቸግረው ይናገራል። ልዩነቱ ያለው በጥልቀቱ ላይ ነው። ብዙው በጊዜው የተወለደ ልጅ የሚያልፍ ወቅት ላይ ነው፤ የወላጅ ጭንቀት እንጂ የልጁ ጤና አልተነካም። ያለ ጊዜው የተወለደው ግን የማኘክና የመዋጥ ክህሎቱ ራሱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሲርበው አይስተካከልም።

ስለዚህ በጊዜው ስለተወለደው ልጅ ትንሽ እናውራ፤ እናቶች የሚደነግጡበት አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለና። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የውልደት ክብደቱን ሦስት እጥፍ ያደርሳል። ሦስት ኪሎ የተወለደው ዘጠኝ ኪሎ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ሁለት ወይም ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ዕድገቱ ስለሚቀዘቅዝ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። በዚያው ዕድሜ መራመድ ይጀምራል፣ «እምቢ» ማለትን ይማራል፣ የማያውቀውን ምግብ ይፈራል። አንድን አዲስ ምግብ ለመቀበል ስምንት፣ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ሞክረን «ካሮት አይወድም» ብለን እንደመድማለን።

ሌላው ምክንያት ወተትና ሻይ ነው። ከዓመት በኋላ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የላም ወተት የሚጠጣ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ይውላል፤ ወተት ደግሞ ብረት የለውም ማለት ይቻላል። ጡጦ ይዞ የሚተኛ፣ ሌሊት ሁለትና ሦስቴ የሚጠጣ ልጅ ጠዋት ቁርስ ባይበላ ምን ይገርማል? ዳቦ በሻይ ነክሮ ማብላትም በከተማችን ቤቶች የተለመደ ነው። ሻይ ግን በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ብስኩት፣ ችፕስና የታሸገ ጭማቂ በየኪዮስኩ ሞልቶ ባለበት ሰፈር፣ ልጁ በምሳ ሰዓት የማይራብበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ በእጁ የተሰጠው ነገር ነው።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚነፈገው ግን የምግቡ ልስላሴ ነው። ትን እንዳይለው በመፍራት፣ ወይም ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ብዙ ልጅ እስከ ዓመት ተኩል ድረስ በብሌንደር የተፈጨ ምግብና አጥሚት ብቻ ይሰጠዋል። ከ6ኛው እስከ 10ኛው ወር ያለው ጊዜ አፍ ወፈር ያለውን፣ ጓጎል ያለውን፣ በጣት የሚያዘውን ምግብ የሚለማመድበት ጊዜ ነው። እስከ አሥረኛው ወር ጓጎል ያለ ምግብ ያልቀመሱ ልጆች በኋላ ላይ የመብላት ችግር እንደሚበዛባቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ምላስ ምግብን ወደ ጎን ገፍቶ ለድድ ማቀበልን በልምምድ ነው የሚማረው፤ ያልተለማመደ አፍ ድንገት የድንች ቁራጭ ሲገባበት ያቅለሸልሸዋል፣ ልጁም ያስመልሳል። እናት ያን አይታ ወደ ብሌንደሩ ትመለሳለች። እንዲህ እያለ ልጁ ሦስት ዓመት ይሞላዋል።

እንግዲህ የልጁ እምቢታ ቤት ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም እንመልከት። «ዓይን በልቶት ነው» ይባላል፤ «ጥርስ እየበቀለ ነው» ይባላል፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚለው ነው። የሚያስመልስ፣ ምግብ የማይወርድለት ሕፃን ባልተቀቀለ መሣሪያ እንጥሉ ይቆረጣል፤ ተቅማጥ ያለበት ደግሞ ገና ከድዱ ያልወጣ የወተት ጥርሱ ይነቀላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እነዚህን ሁለት ድርጊቶች በስም ጠቅሶ ከጎጂ ልማዶች ይቆጥራቸዋል። ሕጉ ቢኖርም ድርጊቱ በድብቅ እንደቀጠለ ሐኪሞች የሚያዩት ቁስል ይመሰክራል። ደም መፍሰስና መመረዝ ካስከተለው ሞት የተረፈውን ልጅ አስቡት፦ ቀድሞውኑ አፉን የሚፈራው ልጅ አሁን በእርግጥም ጉሮሮው ቆስሏል፤ ለመዋጥ ከቀድሞው የባሰ ያመዋል። አያቶች ይህን የሚያደርጉት ልጁን ስለሚወዱ ነው፤ ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን ቀርቦ በማስረዳት ነው የሚመለሱት። ሆኖም በዚህ ጉዳይ መለሳለስ አይቻልም።

ማጋት ደግሞ አለ። ልጁን ጭን ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ እጁን በጉልበት ይዞ፣ አጥሚቱን በመዳፍ አፉ ላይ እያፈሰሱ፣ አንዳንዴም አፍንጫውን ይዞ እንዲውጥ ማስገደድ። «ልጄ፣ አንቺንም እኮ ጋት ጋት አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ» ትላለች አያት፤ «እሺ እማዬ» ከማለት ሌላ ወጣቷ እናት ምን ትላለች? የምትታዘዘው ልጇ እንዳይከሳባት ስትል ነው። ግን እያለቀሰ ትንፋሽ የሚስብ ሕፃን አፍ ውስጥ የሚፈስ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ተደጋጋሚ የሳንባ ምች የሚይዛቸው ልጆች መካከል እንዲህ የሚመገቡ አሉ። ሳንባውን እንኳ ባይጎዳ፣ ልጁ ገበታ ማለት መታገል እንደሆነ ይማራል። ቱቦ ፊቱ ላይ የነበረበት ልጅ ሲሆን ደግሞ የተረሳውን ፍርሃት መልሶ መቀስቀስ ነው። በከተማው ዘመናዊ ቤቶች ማጋት ቀርቷል የሚል ሰው ካለ፣ ስልክ ላይ ካርቱን ተከፍቶለት አፉን ሳያውቀው የሚከፍተውን ልጅ ይመልከት። ጉልበቱ ቀርቷል፤ ልጁ ረሃቡንና ጥጋቡን እንዳያዳምጥ መደረጉ ግን አልቀረም።

አንድ ጉርሻ ያጣላል በምንልበት አገር ልጅ አንድ ጉርሻ በልቶ ሲበቃው መቀበል ይከብዳል። ቢሆንም የሚሠራው መንገድ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች ባወጣው መመሪያ የልጁን ምልክት እያዩ መመገብን ይመክራል። አሜሪካዊቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ኤሊን ሳተር የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሥራውን ለሁለት ከፍላዋለች፦ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። ይህ ልጁን ለቀቅ ማድረግ ሊመስል ይችላል፤ በተግባር ግን ከወላጅ ሥርዓት ይጠይቃል። ምግብ በየሁለት ሰዓት ተኩል ወይም በየሦስት ሰዓቱ ይቀርባል፤ በመሐል ከውሃ በቀር ምንም አይሰጥም። ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ እግሩ የሚረግጠው ነገር ያገኛል፣ በእጁ ይነካል፣ ያበላሻል። ሃያ፣ ቢበዛ ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ገበታው ይነሣል፤ ቢበላም ባይበላም ያለ ቁጣ። ማንኪያውን ከንፈሩ አጠገብ አቁሞ አፉን እስኪከፍት መጠበቅ ቀላል ይመስላል፤ የሚጣደፍ ሰው ግን ይህን ማድረግ ያቅተዋል።

ሐዋሳ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ፣ አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ በሹካ ተፈርፍሮ ማኘክ ለሚለማመድ ልጅ የሚስማማ ምግብ ነው። የሲዳማ አቮካዶ ጥቂት የሚበላ ልጅ በትንሽ ጉርሻ ብዙ ጉልበት እንዲያገኝ ያደርጋል። እንቁላል አለ፣ ስኳር ድንች አለ፣ በደንብ የበሰለና የተፈጨ ጉበት አለ። የቡላ ገንፎ ግን ብቻውን አይበቃም። ልጆች ስለሚወዱት፣ ልስልስ ስለሆነም የሚቸገረው ልጅ በየቀኑ ቡላ ብቻ ሲበላ ይውላል። ቡላም ቆጮም ጉልበት ሰጪ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው ግን በጣም አነስተኛ ነው። በወተት ማገንፋት፣ እንቁላል መምታት፣ የተፈጨ ዓሣ ወይም የምስር ክክ መቀላቀል ያስፈልጋል። በጾም ወራት ቤቱ ሁሉ ከጾም ውጭ ስለማይበስልበት ልጁም አብሮ ይጾማል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከ7 ዓመት በታች ያሉትን ጹሙ አላለችም። ቆሎና ኦቾሎኒን ደግሞ ከትንሽ ልጅ እጅ አርቁ፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር በደንብ ማኘክ ለማይችል ልጅ ሞት ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ማን ያደርገዋል? ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ተቀጥረዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። የቅድመ ወሊዱ ፈቃድ ሳያልቅ ከወለደች ግን የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ወዲያው መቆጠር ይጀምራል። ልጇን በ30 ሳምንት ድንገት የወለደች ሠራተኛ እንግዲህ የመጀመሪያውን ፈቃድ አልነካችውም፤ ከሁለተኛው ደግሞ ስድስትና ሰባት ሳምንቱን ሆስፒታል ውስጥ ልጇን አቅፋ ልትጨርሰው ትችላለች። ወደ ማሽኗ ስትመለስ ልጇ በተስተካከለ ዕድሜው ገና የአንድ ወይም የሁለት ወር ገደማ ጨቅላ ነው። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ሆስፒታል የተቆየበት ቀን በፈቃዱ ላይ ቢጨመር ለአሠሪው የሚከብድ አይመስለኝም፤ ለልጁ ግን ከማንኛውም ሽሮፕ ይበልጣል። እስከዚያው ልጁን የምታበላው የአሥራ ስድስት ዓመት ሞግዚት ወይም አያት ናት። ምክሩም የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነው፤ ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ አብረዋችሁ ይምጡ።

የጤና ሥርዓታችን የሚጠይቀው ልጁ ምን ያህል እንደከሳ ነው። የክንድ ዙሪያው መለኪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው፤ ሕክምናው ዝግጁ ነው። ይህ መለኪያ ብዙ ነፍስ አድኗል። 13 ሴንቲ ሜትር ያለው ልጅ ግን በቀን አራት ሰዓት እየተጋተ፣ በአጥሚት ብቻ እየኖረ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ይህን አያይም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶ የሚሆኑት ቀንጭረው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ምግብ ያጡት ብዙዎች ናቸው፤ ምግብ ቀርቦላቸው መብላት ያልቻሉትም አሉ፤ ሕክምናው ለሁለቱ አንድ አይደለም። በዚያው ዓመት የዘርፉ ባለሙያዎች በተስማሙበት ትርጉም፣ አንድ ልጅ ለዕድሜው የሚመጥነውን ምግብ በአፉ መውሰድ ካቃተው፣ ይህም ቢያንስ 2 ሳምንት ከዘለቀና ከሕመም፣ ከንጥረ ምግብ እጥረት፣ ከማኘክና መዋጥ ክህሎት ወይም ከገበታ ላይ ጭንቀት ጋር ከተያያዘ የአመጋገብ መታወክ ይባላል። የመዋጥ ችግርን ለይተው የሚያክሙ ባለሙያዎች በአገራችን በጣም ጥቂት ናቸው። እነርሱ እስኪበዙ መጠበቅ ግን የለብንም፤ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ክትባት ላይ ነርሷ «ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ሲጠጣ ትን ይለዋል? ምን ዓይነት ምግብ ያኝካል?» ብላ ብትጠይቅ የሚቸገሩት አብዛኞቹ ይለያሉ።

ሳይዘገይ ሐኪም ማየት ያለበት ልጅ የሚከተለው ነው፦ በበላ ወይም በጠጣ ቁጥር የሚያስለውና ትን የሚለው፣ ከበላ በኋላ ድምፁ ፈሳሽ ያነቀው የሚመስል፣ የሳንባ ምች የሚመላለስበት፣ ወተት በአፍንጫው የሚመለስ፣ ሲመገብ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም የሚያልበው፣ ክብደቱ የቆመ ወይም የቀነሰ፣ በተስተካከለ ዕድሜው ዓመት ሞልቶት ከተፈጨ ምግብ ሌላ የማይቀበል፣ ይበላቸው የነበሩትን ምግቦች አንድ በአንድ እየተወ የመጣ። ሰውነቱ የሚገታተር ወይም የሚዝል ልጅም እንዲሁ።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ልጁን በቤቱ፣ በሚበላበት ቦታ፣ የሚያበላው ሰው እያበላው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልካችሁ ቀርጻችሁ ያዙ፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ ልጅ ያለቅሳል እንጂ አይበላም። የሦስት ቀን ምግቡን፣ ወተቱንና ሻዩን ሳይቀር፣ ከነሰዓቱ ጻፉ። ሲወለድ የተሰጠውን የመሰናበቻ ወረቀትም አትርሱ፤ በስንት ሳምንት፣ በስንት ግራም እንደተወለደ፣ ለስንት ቀን በቱቦ እንደተመገበና ኦክስጅን ላይ እንደቆየ ለሐኪሙ ከማንኛውም የደም ምርመራ በፊት የሚያስፈልገው መረጃ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ በካርድ ቁጥሩ ከተወለደበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ጠይቁ።